ጠቋር ዳር የቀረበ ጥያቄ

«የቀድሞው የምክር ቤት አባል ክቡር አቶ አንማው ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

ሬዲዮው ይህን ሲል መምህራን ክፍል ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ነበር። ሻዩ ትን አለኝ። ውጭ አገር! ከቀበርነው እኮ ሰንብተናል፤ የመቃብሩ አፈር እንኳ በዝናብ ተጠፍጥፏል። ያየው ሕክምና የቃሬዛ ሁለት አጣናና ጠፍር ነው። ተሻገረ የተባለውም ባሕር የጠቋር ወንዝ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። እሱ ራሱ ቢሰማው ኖሮ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ይወለውልና «ይህን ዜና የጻፈው የማን ተማሪ ነው? ወላጅ ይዞ ይምጣ!» ይል ነበር።

እኔ ወገዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንማው ሥነ ዜጋ ያስተምር ነበር። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለነበረ ምላሱን ከማንም በላይ የቀመስኩት እኔ ነኝ። በአዘቦት ቀን ክራቫት የሚያስር መምህር ከእሱ ሌላ አልነበረንም፤ ያችኑ አንዲት ቡናማ ክራቫት ክረምት ከበጋ ያስራታል። ተማሪዎቹ መነጽሩን ሲያወልቅ ካዩ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፤ አሁን አንድ ሰው ሊነደፍ ነው ማለት ነው።

የክርክር ክበብ ያቋቋመው እሱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሁለት ጎራ ከፍሎ ያቆማቸዋል። አንዱ የሚያምንበትን ተናግሮ ሲጨርስ «ጎሽ፤ አሁን ደግሞ ተሻገርና ራስህን እርታ» ይለዋል። ልጁ ግራ ገብቶት ይንተባተባል። «አየህ፤ ነገርህን የምታውቀው በግማሹ ነው» ይላል አንማው። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት አባባል ነበረችው። «ጥያቄ ማለት ጠያቂውን የሚያስፈራው ነው። የማያስፈራህን ጥያቄ ለእናትህ ጠይቅ፤ እሷ ትመልስልሃለች።» 

አንድ ቀን አንዲት ዓይን አፋር ልጅ ተነስታ «ይመስለኛል» ብላ ጀመረች። አላስጨረሳትም። «ይመስለኛል የሚባለው ጉም ሲሆን ነው። ውጪና አየሩ ሲገለጥልሽ ተመለሺ» አላት በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት። ልጅቱ ከክበቡ እንደወጣች ቀረች። «አንተ ጨካኝ! ምን አደረገችህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ዝናሽ፣ እኔ ካልጨከንኩባት ቀበሌው ይጨክንባታል፤ እዚያ ደግሞ የሚያስተምራት የለም» አለኝና ፈተናውን ማረም ቀጠለ። ቀይ እስክሪብቶውን ቀምቼ በመስኮት ወረወርኩበት። ከኪሱ ሌላ አወጣ።

ክፉ ነበር? አዎ፣ ምላሱ ክፉ ነበር። ትከሻው ግን ሌላ ነገር ነው።

የአንማው ትውልድ አገር ከጠቋር ማዶ ነው። ጠቋር በበጋ ሲያዩት ያስቃል፤ ልጃገረዶች ጫማቸውን ሳያወልቁ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ያልፉታል። ሐምሌ ሲገባ ግን በሬ ከነቀንበሩ ይወስዳል። ከወንዙ ማዶ ሐኪም ቤት የለም፤ ሰው ሲታመም ያለው ቃሬዛ ነው። ለዚህም የቃሬዛ እድር አላቸው። ጥሪ የሰማ ወንድ ሞፈሩን ከእርሻው ላይ ጥሎ ይመጣል። የቀረ እንደሆነ ራሱ በታመመ ቀን ማንም አይነሳለትም። ጠበኛ ከጠበኛው ጋር በአንድ አጣና ሥር ትከሻውን ያስገባል፤ ታማሚው ሐኪም ቤት ገብቶ እስኪተኛ ድረስ ጠብ ብሎ ነገር የለም። አንማው ወገዳ ቤት ተከራይቶ እየኖረ፣ ደመወዝተኛ ሆኖ እንኳ፣ ጥሪ ከደረሰው ክራቫቱን እንዳሰረ ይሮጣል። በማግስቱ ትከሻው አብጦ ጠመኔ መያዝ ያቅተዋል።

ከእሱ ጋር አብሮ ያደገ ካሳ የሚባል ገበሬ ነበር። የካሳ ሚስት ጥሩወርቅ በነሐሴ ምጥ ያዛት። ካሳ ሩቅ ገበያ ሄዶ ነበር፤ ከተሸከሟት ሰዎች አንዱ አንማው ነው። ጠቋር ሞልቶ አላሻግር አላቸው፤ ወንዙ ዳር አስቀምጠዋት ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ እዚያው አረፈች። ልጁም በሆዷ ቀረ። አንማው ትምህርት ቤት ሲመለስ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርቆበት ነበር። ክፍል አልገባም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔ ያን ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። 

በዚያው ዓመት ለምርጫ ተወዳደረ። በየገበያው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድልድይ። «ሌላ ምንም ቃል አልገባላችሁም። የጠቋርን ድልድይ ጉዳይ እዚያ ትልቁ ቤት ቆሜ እጠይቃለሁ። ካልጠየቅሁ ይህ አፌ ይዘጋ!» ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ መረጠው። ሲሄድ የማዶ ሽማግሌዎች እስከ አውቶቡስ ድረስ ወርደው «አደራ፣ አደራ በሰማይ አደራ በምድር» አሉት። ካሳ አንገቱን አቅፎ ሳመውና ሻንጣውን አውቶቡሱ ጣራ ላይ ጫነለት።

ከዚያ ምን ተሰማ? ምንም። በቴሌቪዥን ጉባኤው ሲታይ እናፈጣለን፤ አንማው ተቀምጧል። እጅ አውጡ ሲባል ያወጣል፤ አውርዱ ሲባል ያወርዳል። «ተራ አልደረሰውም» እያልን እርስ በርሳችን እንጽናናለን። አንድ ጊዜ ታዲያ ወሬ መጣ፤ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ለጥያቄ ይቀርባሉ፣ አንማውም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነው ተባለ። እናንተዬ፣ ያን ዕለት ወገዳን ብታዩ! የማዶ ሰው የዓመት በዓል ልብሱን ለብሶ ሲጎርፍ ዋለ። የሆቴሉ አዳራሽ አልበቃ ብሎ ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ። ካሳ ከፊት ከቴሌቪዥኑ ሥር ወለል ላይ ተቀመጠ።

አፈ ጉባኤው ስሙን ጠሩት። አንማው ተነሳ። መነጽሩን አወለቀ፣ በክራቫቱ ጫፍ ወለወለው። ክራቫቱ እንኳ አዲስ ነበር። «አለቀላቸው! አሁን ይነድፋቸዋል!» ብዬ ጮህኩ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

አንማው አመሰገነ። ደግሞ አመሰገነ። ስለ ተመዘገበው ውጤት እንኳን ደስ ያለን አለ። ከዚያም እየተገነባ ያለው የባቡር መስመር ለጎብኚዎች ፍሰት የሚኖረው ፋይዳ ቢብራራልን ብሎ ጠየቀና ተቀመጠ።

ባቡር! ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወዲህ አውቶቡስ በጭቃ ተይዞ በበሬ የሚጎተትበት አገር ተወካይ ስለ ባቡር ጠየቀ።  አንድ ሽማግሌ «ቆይ፣ ገና መግቢያው ይሆናል» አሉ፤ ካሜራው ግን ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ነበር። ካሳ ተነስቶ አቧራውን አራገፈና ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «እንነሳ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አለ።

ክረምት ሲገባ ምክር ቤቱ ተዘጋና አንማው መራጮቹን ሊያነጋግር ወገዳ መጣ። ደልቦ ነበር። አዳራሽ ሰበሰበን። ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ካሳ ተነሳ። ያ አብሮ አደጉን አንተ ይለው የነበረ ሰው «እርስዎ» አለው። «ክቡርነትዎ፣ የጠቋር ድልድይ ነገር ከምን ደረሰ? ምነው ዝም አሉ?»

አንማው መነጽሩን አወለቀ።  «ጥያቄው በሂደት ላይ ነው» አለ። «አቶ ካሳን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልበል። ድልድይ ሙት አያስነሳም። የልማትን ጥያቄ ከግል ሐዘን ጋር ባናምታታው መልካም ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ካሳ እንደቆመ ቀረ።  ጎኑ ያለው ሰው እጁን ስቦ አስቀመጠው። መድረኩ ላይ ካሉት ሹማምንት አንዱ አጨበጨበ፤ ልብ በሉ፣ አጨበጨበ!

ሲወጣ ጠብቄ መንገድ ላይ ያዝኩት። «አንተ ሰው ነህ? ጥሩወርቅን የተሸከምክ ሰው ይህን ትናገራለህ?» አልኩት። 

«ተይ ዝናሽ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ። 

«ይስማ! ያን የባቡር ጥያቄስ ከየት አመጣኸው?» 

ዝቅ ባለ ድምፅ «እዚያ ጥያቄ ተቆርሶ ይታደላል። የደረሰኝን ጠየቅሁ» አለ። 

«ጉርሻ ነው በለኛ! አፍህን ከፍተህ ጎረስክ!» 

 በአዲሱ ክራቫቱ አንገቱን ጠረገና መኪናው ውስጥ ገባ። ለእኔ ያን ቀን ሞተ።

በሚቀጥለው ምርጫ ያወዳደረው ድርጅት አላቀረበውም። ሌላ ታዛዥ አግኝተዋል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ቀረ፤ አንድ ክረምት ግን እናቱ ሞቱና ብቻውን ለቅሶ መጣ። ጥላቻ ሌላ ለቅሶ ሌላ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሦስት ሆነን ጠቋርን በጎደለ ሰዓት ተሻግረን ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ አንማው ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጽናህ» ይላል፣ ፊቱን አዙሮ ከሌላ ጋር ያወራል። ከጎኑ ያልጠፋችው አንዲት እህቱ እቴነሽ ብቻ ነበረች። ሌላ ወንድም እህት የላቸውም።

እኛ እዚያው እያለን፣ እናቱ ከተቀበሩ በሳልስቱ፣ አንማው ሆዱን ያዘ። በቀኝ በኩል ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ነው። ሐኪም ባልሆንም ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ትርፍ አንጀት መሆኑን ጠረጠርኩ። ቶሎ ተቀዶ ካልወጣ እንደሚገድለው ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። የቃሬዛ ጥሪ ተጠራ። የሚመጣ አለ ብዬ አላሰብኩም፤ ነገር ግን ስምንት ሰው መጣ። ካሳም መጣ። ሕግ ነው፤ አንማው በጊዜው ተሸክሟል፣ ስለዚህ ይሸከሙታል። 

ጠቋር ስንደርስ ሞልቷል። ቃሬዛውን ሳሩ ላይ አስቀመጡት። እቴነሽ ራሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ያጓራል። ያኔ ነው ካሳ ዱላውን እንደ መዶሻ ከድንጋይ ጋር ያጋጨው፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት! ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ስምንት ሰውና አንድ ክቡር አለን። የዕለቱ አጀንዳ አንድ ነው። ክቡርነታቸውን እናሻግር ወይስ ውሃው እስኪጎድል በሂደት ላይ ይቆዩ?»

መጀመሪያ አንዱ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም። ሳቅሽ ወይ ብትሉኝ ሳቅሁ፤ ማን ያልሳቀ አለና። አንዱ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ በቅድሚያ ላመሰግን እፈልጋለሁ» እያለ በሽተኛው ፊት እጅ ነሳ። ሌላው «ባቡሩን ብንጠብቅስ?» አለ። የሚንከባለሉ ሰዎች ነበሩ ስላችሁ! እቴነሽ ብቻ «ኧረ ስለ እመብርሃን! ኧረ እየሞተ ነው!» እያለች ታለቅሳለች።

«ተያቸው» አለ አንማው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሥነ ሥርዓቱን ጠብቀዋል። ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ለእኔም ዕድል ይሰጠኝ።»

«ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶዎታል» አለ ካሳ።

አንማው በክርኑ ቀና አለ። መነጽር አልነበረውም፤ ለቅሶ ቤት ረስቶታል። በጨለመ ዓይኑ ውሃውን እያየ ተናገረ። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የመጣሁት ጠቋር ከሚባል ወንዝ ማዶ ነው። እዚህ ዳር ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ሞታለች። የፊተኛውን ግራ አጣና የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ልጇ ሆዷ ውስጥ ሲራገጥ ቃሬዛው ይነቃነቃል፤ እስከ ትከሻዬ ይሰማኝ ነበር። እዚህ ስናስቀምጣት ይራገጥ ነበር። ኋላ ተወ። ለባሏ ሴቷ ቀድማ ሞተች አልነው እንጂ ልጁ ቀድሞ ነው የሞተው፤ እሷም አውቃዋለች፣ እጄን ይዛ ነግራኛለች። ጥያቄዬ አጭር ነው። ይህ ድልድይ መቼ ይሠራል?»

ሳቁ ጠፋ። ካሳ ይህን አያውቅም ነበር። ዱላውን ጨብጦ ወደ ቃሬዛው ተራመደ። ይመታዋል ብዬ ብድግ አልኩ። ካሳ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ጥያቄው ተመዝግቧል። መልሱ በጽሑፍ ይደርስዎታል» አለው።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ድምፅ እንስጥ። እንሻገር የምትሉ?» አሁን ማንም አልቀለደም። ስምንቱም እጃቸውን አወጡ። 

«የሚቃወም?» 

አንማው እጁን አወጣ። «ተዉ፣ የልጆች አባት ናችሁ። ውሃው ይበላችኋል። እናቴ ጎን መልሱኝ።» 

ካሳ ጋቢውን ወገቡ ላይ እያጠበቀ «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል። ያዝ እንግዲህ!» አለ።

እንዴት እንደተሻገርን አትጠይቁኝ። እነሱ ቃሬዛውን በራሳቸው ላይ ይዘው፣ እኛ መምህራኑ በጠፍር ተያይዘን ከኋላቸው። ውሃው ካሳን አገጩ ድረስ ዋጠው፤ ቃሬዛውን ግን አላጋደለም። ወዲህ ስንወጣ እቴነሽ ማዶ ቆማ ስትሰግድ አየናት። ዳገቱን ወጥተን ከዓይኗ ተሰወርን። አንማው ወገዳን አላየም። መንገድ ላይ «ተቀበለኝ» ብሎ ካሳ አጣናውን ሲለዋወጥ ጎንበስ ብሎ አየውና «አስቀምጡት» አለ። ሞቶ ነበር።

በዚያው ሰዓት ዝናቡ ወረደ። ጠቋር ከበፊቱ በእጥፍ መጣ። እናቱ የተቀበሩበት ደብር ማዶ ነው፤ ሬሳ ደግሞ ክረምት እስኪወጣ አይጠብቅም። የማያውቁት ሰዎች መቃብር መሃል ወገዳ ቀበርነው። ሚስቱና ልጆቹ መንገዱ ተቆርጦ አልደረሱም። ከዘመድ አንድም ሰው አልነበረም። እንባ ያፈሰስንለት ስምንቱ ተሸካሚዎችና እኛ ነን።

እቴነሽ አታውቅም። ማዶ ስልክ አይሠራ፣ ሰው አይሻገር። መርዶ ደግሞ በእኛ አገር ንጋት ላይ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ዙሪያዋን ይዟት ይነገራል እንጂ ከወንዝ ማዶ በጩኸት አይነገርም። ያዥ በሌለበት ብትሰማ ውሃው ውስጥ ነው የምትገባው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በማግስቱ ጧት ካሳና እኔ ውሃው ጎድሎ እንደሆነ ልናይ ወረድን። አልጎደለም። እቴነሽ ማዶ ብቻዋን ቆማለች።

«ካሳዬ! እንዴት አደረ?» 

ካሳ አፉን በሁለት እጁ ከቦ «ደህና ነው! ደህና አድሯል!» አለ። 

«ሐኪሙ ምን አለ?» 

«እየታየ ነው!» 

«መቼ ይመጣል?» 

ካሳ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ደም ለብሷል። «ምን ልበላት መምህርት?» አለኝ።  ካሳ ተመልሶ ወደ ውሃው ዞረና ባለ በሌለ ኃይሉ፣ 

«በቅርቡ! በቅርቡ ይመጣል!» ብሎ ጮኸ። 

እቴነሽ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እልልታዋን አቀለጠችው። በዚያ በሚያጓራ ውሃ ላይ እልልታዋ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ካሳ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እሷ እልል ማለቷን አላቆመችም።